የበርበሬ ሱቅ ዌብሳይት ላይ የካርድ ክፍያ ስንገጥም፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው ይህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለ አነስተኛ ሱቅ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ጥሬ ቡና፣ ጀበናና እጣን ይሸጣል። ከሌላ ስቴት የሚያዝ ሰው እስካሁን በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) ይልካል፤ ዜል የሌለው ደግሞ የካርዱን ፎቶ በቫይበር ይልክና የሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ቁጥሩን የካርድ ማሽኑ ላይ ይመቱታል። ይህ ቀርቶ በዉኮመርስ (የኦንላይን ሱቅ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሠራው ዌብሳይት ራሱ እንዲያስከፍል ነው የተፈለገው። ባለቤቷ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት «እነዚህን የኦንላይን ክፍያ ድርጅቶች ማመን ይቻላል ወይ?» ብለው ነው።

የካርድ ቁጥር በመጠበቅ በኩል ሙሉ በሙሉ ይታመናሉ፤ የትኛውም ትንሽ ሱቅ ከእነሱ የተሻለ ሊጠብቅ አይችልም። ገንዘብ በማስቀመጥ በኩል ግን ባንክ አይደሉም፤ ስለዚህ እነሱ ዘንድ የሚያድረው ገንዘብ ቢዘገይ ሱቁን የማይዘጋ ያህል ብቻ መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው።

ሰኞ፦ ዋጋው

ስትራይፕ የሚባለው የክፍያ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ለኦንላይን ካርድ ክፍያ የሚቆርጠው መደበኛ ዋጋ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው። ካርዱ ከአሜሪካ ውጭ የወጣ ከሆነ 1.5 በመቶ ይጨመርበታል፤ ምንዛሪ ካለ ሌላ 1 በመቶ። በሌላው የክፍያ ድርጅት፣ በፔይፓል፣ ቁልፍ ተጭኖ የሚከፈል 3.49 በመቶና 49 ሳንቲም ነው። ዋጋ ስለሚለዋወጥ ፎርም ከመሙላት በፊት የድርጅቱን የዋጋ ገጽ በዚያው ቀን ማየት ያስፈልጋል።

ሰው መቶኛውን አይቶ ይደነግጣል፤ ትንሽ ሱቅን የምትጎዳው ግን 30 ሳንቲሟ ናት። ከ48 ዶላር ትዕዛዝ 1.69 ይቆረጣል፤ 3.5 በመቶ ማለት ነው። ከ12 ዶላር ሽሮ 65 ሳንቲም ይቆረጣል፣ 5.4 በመቶ። ከ6 ዶላር ቆሎ 47 ሳንቲም፣ 8 በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ያው የ12 ዶላር ሽሮ በፔይፓል ሲከፈል 91 ሳንቲም ይሄዳል። ስለዚህ ዌብሳይቱ ላይ ዝቅተኛው ትዕዛዝ 25 ዶላር እንዲሆን ተደረገ፤ እዚያ ላይ ኮሚሽኑ 4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ በየትኛውም መንገድ ለሚከፍል የተቀመጠ የትዕዛዝ ወሰን ስለሆነ ችግር የለውም። «ከዚህ በታች ካርድ አንቀበልም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከ2010ው የዶድ ፍራንክ ሕግ ወዲህ ለክሬዲት ካርድ እስከ 10 ዶላር ወሰን ማስቀመጥ ይፈቀዳል፤ ለዴቢት ካርድ አይፈቀድም። በየሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ይህን ልዩነት አያውቅም።

ባለቤቷ «3 በመቶውን ደንበኛው ይቻለው» የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ቪዛ የሚፈቅደው ጭማሪ ጣሪያው 3 በመቶ ነው፤ በዴቢት ካርድ ላይ ግን ጨርሶ ክልክል ነው፤ ከሱቁ ደንበኞች አብዛኞቹ የሚከፍሉት ደግሞ በዴቢት ነው። በዚያ ላይ ኮነቲከትና ማሳቹሴትስ ጭማሪውን በሕግ ከልክለዋል፤ ዌብሳይት ደግሞ ለሁሉም ስቴት ይሸጣል። ተተወ፤ ኪሎው ላይ ጥቂት ሳንቲም ተጨመረ።

ሁለት ነገር ሒሳብ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። አንደኛ፣ ኮሚሽኑ የሚሰላው ታክሱንና የፖስታውን ጨምሮ በጠቅላላው ላይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በርበሬና ቡና ለቤት የሚገዛ ምግብ ስለሆኑ ታክስ የለባቸውም፤ ጀበናና እጣን ግን 6 በመቶ አለባቸው፤ ለመንግሥት በሚሄደው በዚያ 6 በመቶ ላይም ኮሚሽን ይከፈላል። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ለደንበኛ ሲመለስ መጀመሪያ የተቆረጠው ኮሚሽን ለሱቁ አይመለስም። 48 ዶላር ሲመለስ 1.69ቱ የሱቁ ኪሳራ ነው።

ምርጫው፦ ስትራይፕ ዋና፣ ፔይፓል ሁለተኛ ቁልፍ። ፔይፓል የገባው ርካሽ ሆኖ አይደለም፤ አንደኛው ቢዘጋ በማግሥቱ መሸጥ እንዲቻል ነው።

ማክሰኞ፦ ወረቀቱ

አካውንት መክፈት ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፦ ቶሎ ተከፈተ ማለት ተመርምሮ አለፈ ማለት አይደለም። ምርመራው የሚመጣው ገንዘብ መግባት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ወረቀቱ ዛሬ ካልተስተካከለ ያን ጊዜ ገንዘቡ ውስጥ እንዳለ ይቆማል።

የተዘጋጀው፦ አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) የግብር መለያ ቁጥሩን ሲሰጥ የላከው ደብዳቤ (ሲፒ 575)፣ የኤልኤልሲው (ሱቁ የተመዘገበበት ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) የምዝገባ ወረቀት፣ የባለቤቷ መታወቂያና ሶሻል ሴኩሪቲ፣ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው የሌላ ሰው ዝርዝር (እዚህ ባልየው አሉ)፣ እንዲሁም በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ። በግል ሂሳብ ለመጀመር መሞከር ዋጋ የለውም።

የሐበሻ ስም እዚህ ላይ ሥራ ያበዛል። በአንዱ ወረቀት የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቷል፤ በሌላው የአባት ስም መካከል ላይ ሆኖ የአያት ስም መጨረሻ ላይ አለ። ጸ እና ጨ ያለበት ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ መንጃ ፈቃዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ሶሻል ሴኩሪቲው ላይ ሌላ ዓይነት ነው። ባልና ሚስት የቤተሰብ ስም አለመጋራታቸውም መርማሪውን ጥያቄ እንዲያነሳ ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ የሚያነጻጽረው ፊደል በፊደል ነው፤ ስለዚህ ፎርሙ ላይ የተጻፈው በልማድ የምንጽፈው ሳይሆን አይአርኤስ ዘንድ ያለው ሆነ፤ የድርጅቱም ስም ደብዳቤው ላይ እንዳለው፣ ኤልኤልሲ የሚለው ሳይቀር። ደብዳቤው የጠፋበት ሰው አይአርኤስ ደውሎ 147ሲ የሚባለውን ማረጋገጫ መጠየቅ ይችላል። ስምና ቁጥር ካልተገናኘ ክፍያው መቆሙ ብቻ አይደለም፤ ከሽያጩ ላይ 24 በመቶ ለግብር ተቀንሶ እንዲያዝ ሊደረግም ይችላል።

«የሥራው ዓይነት» የሚለው ላይ «አስመጪና ጠቅላላ ንግድ» ተብሎ ተሞልቶ ነበር። ሰርዘን «የታሸገ የኢትዮጵያ ቅመምና ቡና፤ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ በፖስታ የሚላክ» አልነው። ጠቅላላ ንግድ የሚለው ቃል አገር ቤት ክብር አለው፤ እዚህ ግን ለመርማሪው «ምን እንደሚሸጥ አልታወቀም» ማለት ነው። የወር ሽያጭ ግምቱም እውነተኛው ተጻፈ። አሳንሶ መጻፍ ኋላ ሽያጩ ሲጨምር ያስጠረጥራል፤ አጋኖ መጻፍ ደግሞ ከመጀመሪያው ጥያቄ ያበዛል።

መርማሪ ዌብሳይቱንም ይከፍታል። አድራሻና ስልክ፣ የመመለሻ ደንብ፣ የመላኪያ ጊዜ፣ የግል መረጃ አያያዝ ገጽ መኖር አለባቸው። «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ባዶ ነበር፤ ሁለት ዕቃዎችም «ዋጋ በስልክ» ይላሉ። ሁሉም ተስተካከለ።

ያው ማክሰኞ፦ አካውንት ለምን ይታገዳል

ይህን ሳይረዱ መግባት ስለማይገባ ለብቻው ተጽፏል። ባንክ በቀጥታ ለነጋዴ የሚሰጠው የካርድ አካውንት ወረቀቱን አስቀድሞ አገላብጦ፣ ጊዜ ወስዶ ነው የሚከፈተው። እንደ ስትራይፕ፣ ስኩዌርና ፔይፓል ያሉት ግን እጅግ ብዙ ሱቆችን በራሳቸው ጥላ ሥር ያስገባሉ፤ ምርመራውንም ገንዘቡ እየተላለፈ ያካሂዳሉ። ካርድ የከፈለ ሰው ደግሞ እንደ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እስከ 120 ቀን ድረስ ባንኩ ሄዶ «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ማለት ይችላል፤ ተቃውሞ የሚባለው ይህ ነው። በዚያን ጊዜ ሱቁ ተዘግቶ ቢገኝ ከፋዩ ድርጅቱ ነው። ባጭሩ ድርጅቱ ለማያውቀው ነጋዴ ዋስ ሆኖ ቆሟል፤ ዋስ የሆነ ሰው ዋስ የሆነለት ሰው አኳኋን ሲለወጥ እንደሚደነግጠው ይደነግጣል።

የሚያስደነግጡት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ በአንድ ሳምንት ሽያጭ በድንገት እጥፍ ድርብ መሆን፣ ሁልጊዜ 40 እና 50 ዶላር ሲገባ ቆይቶ ድንገት 1,800 ዶላር መምጣት፣ ተከፍሎበት ያልተላከ ዕቃ መብዛት፣ ፎርሙ ላይ ካለው የተለየ ነገር መሸጥ፣ የተቃውሞ ጥያቄ መደጋገም። ስትራይፕ የተቃውሞ መጠን ከ0.75 በመቶ ካለፈ ከልክ በላይ ነው ይላል። ይህ ለትልቅ ሱቅ ሰፊ ነው፤ በወር 100 ትዕዛዝ ለሚልክ ሱቅ ግን አንድ ተቃውሞ ብቻ 1 በመቶ ነው። አንዷ ብቻ አካውንት ታዘጋለች ማለት አይደለም፤ ሁለትና ሦስት ስትሆን ግን «ጥቂት ናት» ብሎ መከራከሪያ አይኖርም።

ከታገደ በኋላ የሚሆነውም በውሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ፔይፓል ገንዘቡን እስከ 180 ቀን ሊይዝ ይችላል። ከባድ ጥፋት ተብሎ የተሰናበተ ነጋዴ ማስተርካርድ በሚያስቀምጠው የተሰናባቾች መዝገብ ላይ ይገባል፤ እዚያ 5 ዓመት ይቆያል፤ ሌላ ድርጅት ሲያመለክት መጀመሪያ የሚታየው ያ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲዘጋ በሌላ ሰው ስም ሌላ መክፈት የሚሉት ዘዴ ነገሩን ያባብሰዋል።

ረቡዕ፦ ግጠማው

ሁለት መንገድ አለ፦ የካርድ መሙያው ሳጥን ከሱቁ ገጽ ውስጥ እንዲታይ ማድረግ፣ ወይም ደንበኛው «ክፈል» ሲል ወደ ስትራይፕ ገጽ ተሻግሮ ከፍሎ እንዲመለስ ማድረግ። ሁለተኛው ተመረጠ። የመጀመሪያው ያምራል፤ ግን የሱቁ ገጽ ላይ የገባ ክፉ ስክሪፕት በሳጥኑ ፈንታ የራሱን ሳጥን ሊያስቀምጥ ይችላል። በ2018 ብሪቲሽ ኤርዌይስ ላይ የደረሰው ከዚህ ዘር ነው፤ ገጹ ላይ የተጨመረ አጭር ስክሪፕት የተሳፋሪዎችን ካርድ ሲገለብጥ ቆየ፤ የብሪታንያው የመረጃ ኮሚሽነር ቢሮ በ2020 የ20 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣለበት። የካርድ ቁጥር የሱቁን ገጽም ሰርቨርም ካልነካ ከሱቁ የሚሰረቅ ቁጥር የለም።

የካርድ ደኅንነት ደንቡም (ፒሲአይ) በዚህ ይቀላል። ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ለሌላ የሰጠ ሱቅ የሚሞላው ኤስኤኪው ኤ የሚባለውን አጭሩን ቅጽ ነው። በቫይበር የመጣ ፎቶ እያዩ ኮምፒውተር ላይ መምታት ግን ወደ ሌላና ረዘም ወዳለ ቅጽ ያስገባል። ከካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ደግሞ ክፍያው ከተፈቀደ በኋላ በየትም፣ በደብተርም ቢሆን፣ መቀመጥ የለባቸውም። ቫይበር ላይ ያሉት የቆዩ ፎቶዎች ዛሬ ከስልኩም ከመጠባበቂያውም ጠፉ። በስልክ ለሚያዙ እናቶች መፍትሔው የክፍያ ሊንክ ነው፦ ባለቤቷ ትዕዛዙን ራሳቸው ይሞሉና ሊንኩን ይልካሉ፤ ካርዱን የሚያስገባው ደንበኛው ወይም ልጁ ነው።

ቁልፎችና መግቢያዎች፦ ዌብሳይቱን የሠራው የእህት ልጅ በባለቤቷ ፓስዎርድ ነበር የሚገባው። ለእሱ የራሱ መግቢያ ተከፈተ፤ የባንክ ሂሳብ መቀየርና ገንዘብ መመለስ የማይችልበት። ማንነት ማረጋገጫው በጽሑፍ መልእክት ሳይሆን በስልክ አፕ ሆነ፤ የስልክ ቁጥር በማታለል ወደ ሌላ ሲም ስለሚዛወር። ዌብሳይቱን ከስትራይፕ ጋር የሚያገናኘው ሚስጥራዊ ቁልፍ በኢሜይል ተልኮ ስለነበር ተሰርዞ አዲስ ወጣ። «አካውንትዎ ታግዷል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚል መልእክት ቢመጣ ሊንኩ አይነካም፤ አድራሻውን ራስ ጽፎ ገብቶ ማየት ነው። አጭበርባሪው የሚፈልገው የካርድ ቁጥር አይደለም፤ ገንዘቡ የሚገባበትን የባንክ ሂሳብ ቀይሮ የራሱን መጻፍ ነው።

ሐሙስ፦ ሙከራ

በሙከራ ሁነታ (እውነተኛ ገንዘብ በማይንቀሳቀስበት) የተሞከሩት የስትራይፕ የሙከራ ካርዶች፦ 4242 4242 4242 4242 ያልፋል። 4000 0000 0000 0002 ይከለከላል። 4000 0000 0000 9995 ገንዘብ የለውም ይላል። 4000 0025 0000 3155 የባንክ ማረጋገጫ ይጠይቃል። 4000 0000 0000 0259 ካለፈ በኋላ የማጭበርበር ተቃውሞ ያስነሳል። ማብቂያ ቀኑ ገና ያልደረሰ ማንኛውም ቀን፣ የጀርባው ቁጥር ማንኛውም ሦስት አኃዝ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሞክሮ ሱቁን ይከፍታል፤ ችግር የሚገኘው ግን በቀሩት ነው።

የተገኘው ችግር፦ ደንበኛው ከፍሎ ወደ ሱቁ ገጽ ሳይመለስ ብራውዘሩን ቢዘጋ ትዕዛዙ «ያልተከፈለ» ሆኖ ይቀራል። ገንዘቡ ገብቷል፣ በርበሬው አይላክም፤ ደንበኛው ከሳምንት በኋላ ወደ ባንኩ ይደውላል። ምክንያቱ ዌብሁኩ ነው፤ ስትራይፕ «ተከፍሏል» ብሎ በራሱ ወደ ሱቁ ሰርቨር የሚልከው መልእክት። የደኅንነት ፕለጊኑ (ዌብሳይቱ ላይ የተጨመረው መጠበቂያ ፕሮግራም) ይህን መልእክት እንደ ጥቃት ቆጥሮ 403፣ «አይፈቀድም»፣ እያለ ይመልሰው ነበር። የዌብሁኩ አድራሻ ከዚህ መጠበቂያ ነጻ እንዲሆን ተደረገ፤ ገጾችን ለፍጥነት ቀድቶ የሚያስቀምጠው ፕለጊንም የክፍያ ገጾቹን እንዳይነካ ተነገረው። ከዚያ ገጹን ሆን ብሎ እየዘጉ እንደገና ተሞከረ፤ ትዕዛዙ በትክክል «ተከፍሏል» ሆነ።

ሌላው፦ አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ሰርቨሩ ካልመለሰ ስትራይፕ እስከ 3 ቀን ድረስ ይደጋግመዋል። የመልእክቱ መለያ ቁጥር ተመዝግቦ ሁለተኛው ካልተጣለ ከስቶክ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። ከሙከራ ወደ እውነተኛው ሲታለፍ ደግሞ የዌብሁኩ መፈረሚያ ቁልፍ (መልእክቱ የስትራይፕ መሆኑን የሚያረጋግጠው) አብሮ መቀየር አለበት፤ ይህ ተረስቶ ሁሉም ትዕዛዝ «በመጠባበቅ ላይ» ሆኖ የሚያድርበት ሱቅ ብዙ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት፦ ስቴትመንቱ ላይ የሚታየው ስም

ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ተቃውሞ ከሚያስነሱት ነገሮች ግን ቀዳሚ ከሚባሉት አንዷ ናት። የኤልኤልሲው ስም የባለቤቷ አያት ስም ነው፤ ሱቁ የሚታወቀው በሌላ ስም። ደንበኛው የባንክ ስቴትመንቱ ላይ የማያውቀውን ስም ሲያይ «አልገዛሁም» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም፣ አላወቀውም። ስትራይፕ የሚፈቅደው ከ5 እስከ 22 ሆሄ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ሱቁ የሚጠራበት ስም ገባ፤ አጻጻፉም ምልክቱና ፌስቡኩ ላይ እንዳለው ሆነ፤ በሦስት ዓይነት መጻፍ ቀረ። የሱቁ ስልክ ቁጥርም ተጨመረ፤ የተደናገረ ሰው ወደ ባንክ ከመደወሉ በፊት ወደ ሱቁ ቢደውል የ15 ዶላሩ የተቃውሞ ክፍያ ይተርፋል።

ዓርብ፦ ማጣሪያው

ዌብሳይቱ ላይ «ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የፈቀዱትን ያህል» የሚል ዕቃ ነበር። ዛሬ ወረደ። የተሰረቀ ካርድ ቁጥር የሚገዙ ሰዎች የትኛው እንደሚሠራ ለማወቅ በሮቦት የ1 ዶላር ክፍያ የሚሞክሩት እንዲህ ያለ ገንዘቡን ራስህ ጻፍ የሚል ገጽ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሱቁ የተመዘገበው ቅመም ሊሸጥ ነው፤ ለሌላ አካል መዋጮ መሰብሰብ ፎርሙ ላይ የለም። ቤተ ክርስቲያኑ የራሱን አካውንት ቢከፍት ይሻለዋል። ክፍያ ገጹ ላይ ካፕቻ (ሮቦት አለመሆንን ማረጋገጫ) ገባ፤ ከአንድ አድራሻ በተከታታይ የሚደረግ ሙከራም ተገደበ። የጥቃቱ ምልክት በደቂቃ ውስጥ የተደረደሩ ክልከላዎችና ትርጉም የሌላቸው ኢሜይሎች ናቸው። ከመካከላቸው ያለፈ ክፍያ ካለ ባለ ካርዱ ሳይነቃ ወዲያው መመለስ ነው።

ከባዱ ውሳኔ የአድራሻ ማመሳከሪያው ነበር። የአሜሪካ ካርድ ላይ ዚፕ ኮድ ይመሳከራል፤ አለመገጠሙ አንዱ የስርቆት ምልክት ነው። ግን የሐበሻ ግዢ ራሱ እንደዚያ ነው፦ ዱባይ ያለች እህት በራሷ ካርድ ትከፍላለች፣ ዕቃው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ላለችው አራስ ይላካል፤ ካርዱ የውጭ፣ ስሙ ሌላ፣ አድራሻው ሌላ። ማጣሪያው በመደበኛው መንገድ ቢጠብቅ ሱቁ ደህና ደንበኞቹን ያባርራል። የተወሰነው ይህ ነው፦ የጀርባው ቁጥር ካልገጠመ ይከልከል። ዚፕ ኮድ ካልገጠመ ግን አይከልከል፣ ለእጅ ምርመራ ይቆይ፤ ተቀባዩ ስልክ ይደወልለት። ካርዱ ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ወይም ትዕዛዙ ከ150 ዶላር ካለፈ ባንኩ ማረጋገጫ ይጠይቅ፤ ስሪዲ ሴኪዩር የሚሉት። አውሮፓ ያለ ገዢ ይህን ለምዶታል፣ እዚያ ሕግ ነው። ማረጋገጫው ካለፈ «እኔ አይደለሁም የከፈልኩት» የሚለው ተቃውሞ በአብዛኛው ወደ ካርዱ ባንክ ይዞራል፤ «ዕቃው አልደረሰኝም» የሚለው ግን ሱቁ ላይ እንደሆነ ይቀራል። ለሁሉም ትዕዛዝ ማድረግ አይመከርም፤ አሜሪካ ያለ ደንበኛ ኮድ ሲጠየቅ ጥሎ ይሄዳል።

ቀጣዩ ሳምንት፦ ሱቁ ተከፈተ

የመጀመሪያው እውነተኛ ክፍያ በባለቤቷ ካርድ አይደረግም። የራስን ካርድ በራስ ሱቅ ማስከፈል ከክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ እንደማውጣት ይቆጠራል፤ ውሉም ይከለክለዋል። ጎረቤት እውነተኛ ግማሽ ኪሎ በርበሬ አዘዙ፣ ከፈሉ፣ ወሰዱ።

የመጀመሪያው ገንዘብ ባንክ ለመግባት ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ በ2 የሥራ ቀን። ይህን ያልጠበቀ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «ተበላሁ» ይላል። በእነዚህ ቀናት ቅመም የሚገዛው ከሌላ ገንዘብ መሆን ስላለበት ታስቦበት ነው የተከፈተው።

ገንዘቡ በየቀኑ በራሱ ወደ ባንክ እንዲወጣ ተደረገ፤ «በወር አንዴ ይውጣ» የሚለው ምርጫ ለትንሽ ሱቅ አይበጅም። የክፍያ ድርጅት ዘንድ የተኛ ገንዘብ ባንክ እንዳለ ተቀማጭ በኤፍዲአይሲ (ለባንክ ተቀማጭ ዋስ በሚሆነው የአሜሪካ መንግሥት ድርጅት) ዋስትና የለውም። ጀርመን አገር ዋየርካርድ በሰኔ 2020 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር 1.9 ቢሊዮን ዩሮ ጎድሎ ተገኝቶ ሲወድቅ፣ ብሪታንያ ውስጥ በእሱ ቅርንጫፍ በኩል ይሠሩ የነበሩ የሌሎች ድርጅቶች ደንበኞች ለቀናት ገንዘባቸውን መንካት አልቻሉም ነበር። እነዚያ ደንበኞች ብዙዎቹ የዋየርካርድን ስም እንኳ አያውቁትም።

ገንዘቡ የሚገባበት ሂሳብ ለዚህ ብቻ የተከፈተ ነው። ምክንያቱም ተመላሽና ተቃውሞ ከሽያጩ ከበለጠ ድርጅቱ ከዚያው ሂሳብ ራሱ ይስባል፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ሂሳብ ቢሆን ቼክ ይመለሳል። ወደ ዋናው ሂሳብ ሲዛወር ከወሩ ሽያጭ 10 በመቶ ያህሉ እዚያው ይቀራል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ

መጣ፤ 48 ዶላር፣ «አልደረሰኝም»። ሒሳቡን በግምት እናስላው፦ የዕቃው ዋጋ 27፣ ፖስታ 10፣ ኮሚሽን 1.69 ብንል ከደህና ትዕዛዝ የሚተርፈው 9.31 ነው። ሱቁ ሳይከራከር ቢሸነፍ 48ቱ ይወሰዳል፣ 15 ዶላር የተቃውሞ ክፍያ ይጨመራል፤ ከኪስ የወጣው 53.69 ይሆናል። ለመካስ ወደ 6 የሚጠጉ ደህና ትዕዛዞች ያስፈልጋሉ።

መልስ ለመስጠት ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 21 ቀን ነው፤ ማስረጃው የሚላከው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ችኮላ አይጠቅምም። የተላከው፦ የፖስታው መከታተያ ቁጥርና የደረሰበት ቀን፣ የደረሰበት ዚፕ ኮድ ከትዕዛዙ ጋር መግጠሙ፣ ደንበኛው የተስማማበት የመላኪያ ደንብ፣ ከደንበኛው ጋር የተደረገው የቴሌግራም ጽሑፍ። ጽሑፉ በአማርኛ ስለነበር ከጎኑ የእንግሊዝኛ ትርጉም ተቀመጠ፤ የሚያነበው የባንክ ሠራተኛ ስክሪን ፎቶውን ብቻ ቢያይ ምንም አይገባውም። ረጅም የስሞታ ደብዳቤ አልተጻፈም፤ ማንም አያነበውም። ደንበኛው ተደውሎለት ዕቃውን ወንድሙ እንደተቀበለው ታወቀ፤ ባንኩን ደውሎ ተቃውሞውን እንዲያነሳ ተጠየቀ። ቢያነሳም ማስረጃው መላክ አለበት፤ ዝም ያለ ነጋዴ እንደተሸነፈ ነው የሚቆጠረው። ተቃውሞ ላይ ባለ ክፍያ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በዜል፣ ገንዘብ መመለስም አይገባም፤ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ዕቁብና ሐዋላ

ደንበኞች ሁለት ጥያቄ አመጡ። አንደኛው «ዕቁባችንን በሱቁ ሊንክ እንሰብስብ፣ ኮሚሽኑን እንችላለን»፤ ሁለተኛው «በካርድ ልክፈልና አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ብሩ ይሰጥልኝ»። ሁለቱም አይሆኑም። ዕቁቡ በክፍያ ድርጅቱ ዓይን ዕቃ የሌለበት ሽያጭ ነው፦ እኩል እኩል የሆኑ ትልልቅ ክፍያዎች በአንድ ቀን ገብተው በማግሥቱ ለአንድ ሰው ይወጣሉ፤ መልኩ ገንዘብ ማጠብን ይመስላል። የሁለተኛው ደግሞ ከውል ማፍረስም ያልፋል። ያለፈቃድ የሌላ ሰው ገንዘብ ማስተላለፍ አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ወንጀል ነው። ይህ ሥራ ፊንሴን (የገንዘብ ወንጀል የሚከታተለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ዘንድ መመዝገብንና የስቴት ፈቃድን ይጠይቃል። በስኳርና በበርበሬ ደረሰኝ መሸፈን የሚሉት ዘዴ ደረሰኙንም ማስረጃ ያደርገዋል።

ለበዓል የሚቀረው ሥራ

የሱቁ ሽያጭ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሽሮና ምስር፣ ለፋሲካና ለገና በርበሬና ቅቤ ማንጠሪያ ቅመም፣ መስከረም ላይ ደግሞ ቡና ይነሳል። ይህ መነሳት ለስትራይፕ ኮምፒውተር ድንገተኛ እጥፍ ሽያጭ ነው፤ እንቁጣጣሽን አያውቅም። ስለዚህ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት የድጋፍ ክፍሉ በጽሑፍ ይነገረዋል፦ ከዚህ እስከዚህ ቀን ሽያጭ ወደዚህ ያህል ይደርሳል፣ ምክንያቱ የበዓል ገበያ ነው፣ የቅመሙ መግዣ ደረሰኝ ተያይዟል። ይህ እገዳን አይከለክልም፤ ምርመራ ቢመጣ ግን መልሱ ከወዲሁ ፋይሉ ላይ አለ።

ቅድመ ትዕዛዝ ላይ ጥንቃቄ ይደረጋል። ሦስት ሳምንት ቀድሞ ገንዘብ ተቀብሎ ኋላ መላክ ከሁሉ የበለጠ የሚያስጠረጥር ነው። ትዕዛዙ ያለ ካርድ ይመዝገብ፤ ሊላክ ሲል የክፍያ ሊንክ ይላክ። ገንዘቡን ሳይወስዱ ካርዱ ላይ አስይዞ ማቆየት የሚቻለውም በአብዛኛው እስከ 7 ቀን፣ በአንዳንድ ካርድ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ቀኑ ካለፈ የተያዘው ገንዘብ ይለቀቃል፣ ዕቃው ወጥቶ ከሆነ ክፍያው የለም።

እስከዚያ የሚሠሩት፦ የፔይፓል ቁልፍ በእውነተኛ ትዕዛዝ ይሞከር። በየወሩ መጨረሻ የደንበኞችና የክፍያ ዝርዝር ከሁለቱም ወርዶ ሱቁ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ፤ አካውንት ከተዘጋ በኋላ ማውረድ ላይቻል ይችላል። ዓመቱ ሲያልቅ በሚመጣው 1099 ኬ (የክፍያ ድርጅቱ ለግብር በሚያወጣው ቅጽ) ላይ የሚጻፈው ኮሚሽንና ተመላሽ ሳይቀነስ ያለው ጠቅላላ ስለሆነ ልዩነቱ የሚረጋገጠው በዚሁ ዝርዝር ነው። የሒሳብ ሠራተኛው የንባብ ብቻ መግቢያ ገና አልተከፈተለትም።